ጽጌረዳ የተባለችው ዓሣ

የማልዲቭስ ዋና ከተማ ማሌ ገብቼ ሻንጣዬን እንዳስቀመጥኩ የሄድኩት ዓሣ ገበያ ነው። የሀዋሳ ልጅ ነኛ፤ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት እያየሁ ነው ያደግኩት። እዚህ ወለሉ ሙሉ ቱና ነው። አንዱን አራት ቦታ ሰንጥቀው ለማስረከብ ደቂቃዎች ይበቋቸዋል።

ከዱባይ አራት ሰዓት በርሬ የመጣሁት ግን ለሌላ ዓሣ ነው፤ ከመዳፍ ለማትበልጥ፣ ሮዝ ለሆነች ዓሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ራንዳልና ኤመሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በህንድ ውቅያኖስ ካሉት የቻጎስ ደሴቶች በተገኘች አንዲት የዓሣ ጫጩት ብቻ ለአንድ ዝርያ ስም አወጡ፦ ሲርሂላብረስ ሩብሪስኳሚስ። አንድ ጫጩት፣ አለቀ። እነዚህ ዓሦች ደግሞ ሲያድጉ መልካቸው ይለወጣል፣ ወንዱም ከሴቷ ይለያል። ስለዚህ ከቻጎስ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ማልዲቭስ ላይ ትልልቆች ሲገኙ፣ የዚያች ጫጩት ወገን ናቸው ተብሎ ታለፈ። እ.ኤ.አ. በ2022 አህመድ ናጂብ የተባለ የማልዲቭስ ተመራማሪ ከውጭ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ጉዳዩን እንደገና አነሳው። ቅርፊት ቆጠሩ፣ የጀርባ ክንፉን እሾህ ለኩ፣ የወንዶቹን ቀለም አነጻጸሩ። ሁለት ዝርያ ናቸው! የማልዲቭሷም የራሷ ስም ወጣላት፦ ሲርሂላብረስ ፊኒፈንማ።

አያቴ አምባዛን ቅርፊት የለውም ብለው ነክተውት አያውቁም። "ክንፍና ቅርፊት" እኛ ቤት የኦሪት ቃል ነው። ቅርፊት ቆጠራ ለአንድ ፍጥረት ስም ሲያስገኝ ግን ገና ማየቴ ነው።

የሚያበሳጨኝ፣ ስም ሳይወጣላት በፊት ለአኳሪየም ትሸጥ ነበር። ሁለት ዝርያ በአንድ ስም ከተጠራ የትኛው እየቀነሰ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

በነጋታው ባሕር ገባን። አስጠላቂዬ ወጣት ነው፤ ጀልባው ላይ ስሟን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፣ "ፊኒፈንማ" በቋንቋቸው ጽጌረዳ ማለት ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ አበባም ሮዝ ጽጌረዳ ነው። "የራሳችን ሰው ከሰየሙት አንዱ መሆኑ የመጀመሪያችን ነው" አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ከዚያ በፊት ስም አውጪዎቹ ሁሉ የውጭ ሰዎች ነበሩ።

እሷ የምትኖረው ከ40 እስከ 70 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። የኔ የመጥለቅ ፈቃድ 30 ላይ ያበቃል። 28 ሜትር ላይ ኮራሉ ሁሉ አመድ መስሏል፣ ምክንያቱም ውሃ መጀመሪያ የሚውጠው ቀይ ብርሃንን ነው። ከቋጥኝ ሥር ትልልቅ ዓይን ያላቸው ግራጫ ዓሦች ተሰብስበዋል። ባትሪዬን ሳበራባቸው ደም የመሰሉ ቀይ ሆኑ። ሳጠፋው መልሰው ግራጫ። አሥር ጊዜ ያህል አበራሁ አጠፋሁ።

ከእኛ በታች ግድግዳው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይወርዳል። በጣቴ ወደ ታች ጠቆምኩት፤ አስጠላቂዬ ራሱን ነቀነቀና አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ፣ እንውጣ ማለቱ ነው። 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆምን። ዓይኔን ከታች አላነሳሁም።