ከጅማ ወደ ሰሜን ሕንድ ማዕድ

ለሥራ ከጅማ አዲስ አበባ በወጣሁበት ሰሞን፣ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ዋጋው ጠንከር ወደሚል የሰሜን ሕንድ ምግብ ቤት ገባን። ታንዱር የሚባለው የሸክላ ምድጃ ከመስታወቱ ባሻገር ይታያል፤ ሙቀቱ ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ ከውስጥ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ናን የተባለ ጠፍጣፋ ዳቦ ወዲያው ተነፋፍቶ፣ እዚህም እዚያም ጠቆር ብሎ ይወጣል። በእኔ ግምት ግን ካዘዝነው ዶሮ ይልቅ የተዋጣለት ዳል ማክኒው ነበር፤ ኡራድ የተባለው ጥቁር ጥራጥሬ ከቀይ ቦሎቄ ጋር በዝግታ ለሰዓታት ከተንተከተከ በኋላ በቅቤና በክሬም ይለሰልሳል (በጾም ቀን የሚታሰብ አይደለም)። የሩዙ ሄል መዓዛው ደስ ቢልም፣ ኮረሪማ በሚበቅልበት አገር ላደገ ሰው ለዘብ ይላል። ሒሳቡ ለእኛ ኪስ ይከብዳል፤ ዳሉን ግን በድጋሚ አዘዝን።