ለባል ሰፊ፣ ለሚስት ጠባብ የሆነው ሳሎን

የእኔ ሥራ ያልተሠራ ቤት ማሳየት ነው። አርክቴክቱ የነደፈውን አፓርታማ በኮምፒውተር አቆመዋለሁ፤ ደንበኛው ሾውሩም ይመጣና የቪአር (የምናባዊ እውነታ) መነጽሩን አጥልቆ፣ ገና መሠረቱ ተቆፍሮ ባላለቀ ሕንፃ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ይዘዋወራል። አዲስ አበባ ውስጥ ከሪል እስቴት ቤት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ወረቀትና ተስፋ ስለሆነ፣ ቢያንስ በዓይኑ አይቶ ቅድመ ክፍያውን ቢከፍል ደስ ይለዋል። ለሻጩም ይመቻል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎልማሳ ባልና ሚስት መጡ። የፈለጉት ባለ ሦስት መኝታውን ነው። ቀድመው ያጠለቁት ባልየው ናቸው። ከበሩ እንደገቡ፣ «ኧረ ይኼማ ሜዳ ነው! ሠርግ ይደገስበታል» እያሉ የሌለውን ሶፋ ለመንካት እጃቸውን ሰደዱ። ሳቅን። ቀጥሎ ለወይዘሮዋ አጠለቅንላቸው። ለአፍታ ዝም አሉና፣ «ይቺ ናት ሳሎን የምትሏት? ሶፋው ከገባ ሰው በየት ያልፋል?» አሉ። ባልየው «ደህና አድርገሽ እዪው እንጂ» ቢሏቸው ወዲያ ወዲህ ዞር ዞር ለማለት ሞከሩ። ብዙም አልቆዩ። ግድግዳ የሚደግፉ ይመስል አንድ እጃቸውን ዘርግተው፣ «አውልቁልኝ፣ አውልቁልኝ፣ ሊያስመልሰኝ ነው!» አሉ። ሲወልቅላቸው ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

አስቀመጥናቸው፤ ውኃ መጣ። የሽያጭ ኃላፊያችን ወደ ጎን ጎተተኝና፣ «አትሞኝ፣ ዋጋ ለማስወረድ ነው። ባል ያደንቃል፣ ሚስት ታጣጥላለች፤ ተነጋግረው ነው የሚመጡት» አለኝ። እርግጥ እንዲህ የሚያደርጉ ጥንዶች ሞልተዋል፤ መርካቶ ጨርቅ ሲገዙ ያላያቸው የለም። ለቅናሽ ብሎ ላብ የሚያጠምቀው ሰው ግን አላጋጠመኝም። ደግሞም ሴትየዋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው የተናገሩት፦ ያቅለሸልሻል፣ ሳሎኑም ጠባብ ነው። የመጀመሪያውን ብዙ ሰው ይለዋል። ሁለተኛው ነው የከነከነኝ፤ ምክንያቱም ያ ሳሎን ርዝመቱ 6 ሜትር መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ለካሁት፤ 6 ሜትር ነው። ቤቱ አልጠበበም።

የቀረው መነጽሩ ነው። የምንጠቀምበት ኩዌስት 2 የሚባለው ነው። ገልብጣችሁ ውስጡን ብታዩ ሁለቱ ሌንሶች በእጅ ተይዘው ወደ ግራና ቀኝ ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀጭ እያሉ የሚቆሙባቸው ሦስት ቦታዎች አሏቸው። አንደኛው ላይ በሌንሶቹ መካከል ያለው ርቀት 58 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው ላይ 63፣ ሦስተኛው ላይ 68 ነው። ያን ዕለት ሦስተኛው ላይ ነበር።

ለምን ሦስት ሆነ? የሰው ዓይን ለዓይን ርቀት አንድ ስላልሆነ ነው። በአዋቂ ሰው ከአንዱ ብሌን እስከ ሌላው በአማካይ 63 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ከ55 በታች የሆነም፣ ከ70 የሚያልፍም አለ። ሌንሱ ከብሌኑ ትይዩ ካልሆነ ሰውየው የሚያየው በሌንሱ መሀል ሳይሆን ወደ ጠርዙ ነው፤ እዚያ ደግሞ ይደበዝዛል፣ መስመሩም ይጎብጣል፣ ዓይን ሁለቱን ምስል አንድ ለማድረግ ሲታገል ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። የሌላ ሰው መነጽር አድርጎ ደረጃ መውረድ በሉት።

የሳሎኑ መጥበብም ከዚሁ ይመጣል። መሣሪያው የሌንሶቹን ቦታ አይቶ ነው ለቀኝና ለግራ ዓይን ሁለቱን ምስል የሚሠራው። ሌንሶቹ 68 ላይ ከሆኑ፣ ዓይኖቹ በ68 ሚሊ ሜትር እንደተራራቁ ሰው አድርጎ ነው ቤቱን የሚስለው። ያን ምስል ዓይኖቹ 57 ላይ ላሉ ሰው ስትሰጠው ሁሉም ነገር ቀረብ ብሎ፣ አነስ ብሎ ይታየዋል። በስሌት ብቻ ከሄድን 6 ሜትሩ ሳሎን ወደ 5 ሜትር ይወርዳል። አእምሯችን የበሩን ቁመትና የወንበሩን መጠን ጭምር ስለሚያይ በተግባር ያን ያህል አይጠብም። ሆኖም ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ግማሽ ሜትርም ብትጎድል ያውቃታል።

ሦስተኛው ላይ ማን አደረገው የሚለው ብዙም አላስቸገረኝም። ኃላፊያችን ሾውሩሙ በተከፈተ ቁጥር መነጽሩን ራሱ ይፈትሻል፤ ጥርት እስኪልለት ሌንሱን ያንቀሳቅስና «ይሠራል» ብሎ ያስቀምጠዋል። ሠርቶለታል በእርግጥ። በኋላ ሲለካ 69 ሆኖ ተገኘ።

የለኩት ከሾውሩማችን ሥር መነጽር ቤት ያላቸው ጋሼ ናቸው። እኔ የወረድኩት ማስመሪያ ልዋስ ነበር፤ እሳቸው ግን «ማስመሪያውን ብሰጥህም አትለካበትም» ብለው ተከትለውኝ ወጡ። ከወይዘሮዋ ፊት ለፊት ወንበር ስበው፣ ፊት ለፊት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀመጡና፣ «ይቅርታ እትዬ፣ ግንባርዎን ልንካ» ብለው ማስመሪያውን አፍንጫቸው ላይ በስሱ አሳረፉ። መጀመሪያ ጋሼ የራሳቸውን ቀኝ ዓይን ጨፈኑ፤ «የተከፈተችውን ዓይኔን ይዩ» አሏቸው። ዜሮውን ካስተካከሉ በኋላ ማስመሪያውን ሳያነቃንቁ ግራውን ጨፍነው ቀኙን ከፈቱ፤ «አሁን ይቺን ይዩ»። ቁጥሩን አነበቡ፦ 57።

ይህን ሁሉ መገለባበጥ የፈለጉበትን ምክንያት ጠየቅኳቸው። ሁለቱም ዓይን ቅርብ ያለ አንድ ነገር ላይ ካተኮረ ወደ አፍንጫ ይሰበሰባልና ቁጥሩ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ያንሳል አሉኝ። ሌላም ነገር አሳዩኝ። የለኩት ከብሌን መሀል እስከ ብሌን መሀል አልነበረም። «የእኛ ሰው ዓይን ጥቁር ነው፤ ብሌኑ ከዙሪያው አይለይልህም። ስለዚህ ከቀኙ ዓይን ጥቁሩ በጆሮ በኩል ከሚያልቅበት፣ በግራው ዓይን ጥቁሩ በአፍንጫ በኩል እስከሚያልቅበት ትለካለህ። ያው ነው ቁጥሩ» አሉ። ይህን መሣሪያውን ያመረቱት ሰዎች ከካርቶኑ ጋር በላኩት ወረቀት ላይ አላነበብኩትም።

ሌንሱን አንደኛው ላይ አደረግነው። ወይዘሮዋ በስንት ልመና ድጋሚ አጠለቁ። ቆዩ። አሁንም ቆዩ። ከዚያ ያልጠበቅነውን ተናገሩ፤ «ቤቱን ቀየራችሁት!»

ጉድ ፈላ። እኛ ማቅለሽለሹ ቀረላቸው ብለን ልንደሰት ስንል፣ እሳቸው ሌላ ሰፋ ያለ ቤት አምጥተን ልናታልላቸው እንደሆነ ነው የገባቸው። እንዳይፈረድባቸው፤ ከአሥር ደቂቃ በፊት ጠባብ የነበረ ክፍል አሁን ሰፍቶ ሲያዩት ምን ይበሉ? ኃላፊያችን በሚሊ ሜትር ሊያስረዳቸው ሲሞክር ጭራሽ ባሰባቸው። ነገሩን የፈቱት ራሳቸው ናቸው። መነጽሩን አውልቀው ምንም ሳይነካ ለባለቤታቸው ሰጡና «እስቲ አንተ እየው» አሏቸው። ባልየው አጠለቁት፤ «ምን አደረጋችሁት? ደበዘዘብኝ እኮ፣ ዓይኔን ወጠረኝ» አሉ። ወይዘሮዋ ከት ብለው ሳቁ። «አየህ? ቅድም እኔን እንዲህ ነበር ያደረገኝ፤ አንተ ግን እዪው እንጂ ትለኛለህ!»

እኔ ከዚያ ወዲህ ሳነብ እንዳየሁት ነገሩ የእኛ ሾውሩም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኬይ ስታኒ የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ቪአር ሴቶችን ከወንዶች ይበልጥ የሚያቅለሸልሽበት ዋና ምክንያት የሌንሱ ርቀት ከዓይናቸው ጋር አለመግጠሙ መሆኑን አሳይታለች። የሴቶች አማካይ ከወንዶቹ በሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ያንሳል፤ መሣሪያዎቹ ደግሞ ጠበብ ላለ ዓይን እምብዛም አልተጨነቁም። ሰፊ ዓይን ያለውም አላመለጠም። ኦኩለስ የተባለውን የቪአር መነጽር ድርጅት የመሠረተው ፓልመር ለኪ ድርጅቱን ከለቀቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የኦኩለስ መነጽር ሪፍት ኤስ ሌንሱ የማይንቀሳቀስ በመሆኑ ወደ 70 ለሚጠጉት ዓይኖቹ እንደማይሆን በግልጽ ጽፏል። ራሱ በጀመረው ቤት ውስጥ ቦታ አጣ ማለት ነው። አሁን አሁን ተሻሽሏል፤ ኩዌስት 3 ላይ ሌንሱ ሦስት ቦታ ላይ ብቻ ሳይወሰን በመዘውር ይስተካከላል፣ የአፕሉ ቪዥን ፕሮ ደግሞ ዓይንን አይቶ ሌንሱን በራሱ ሞተር ያንቀሳቅሳል። ዋጋው ግን ለእኛ ሾውሩም የሚቀመስ አይደለም።

ስለዚህ ማስመሪያ ገዛን። ኃላፊያችን መጀመሪያ አልወደደውም፤ «ሰው ቤት ሊገዛ መጥቶ ፊቱ ላይ ማስመሪያ ይደረጋል?» አለ። የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ደንበኛው ሲለካ ክብር የተሰጠው ይመስለዋል። ቁጥሩን ነግረን ሌንሱን ከሦስቱ ቦታዎች ለእሱ የሚቀርበው ላይ እናደርግለታለን። ከ61 በታች ከሆነ አንደኛው፣ እስከ 66 ሁለተኛው፣ ከዚያ በላይ ሦስተኛው። አንድ ሰው ተነስቶ ሌላው ሲቀመጥ እንደገና ይለካል፤ ባልና ሚስትም ቢሆኑ። ሴት ደንበኞችን የምትለካው ሴት ባልደረባችን ናት፤ ሻሽ ወይም ሹሩባ ካለ ማሰሪያውን እሷው ታላላለች። መነጽሩ ግንባር ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ የተለካው ሁሉ ዋጋ የለውምና።

ጥንዶቹ በሌላ ሳምንት ተመልሰው መጡ፤ ወይዘሮዋ እህታቸውንም ይዘዋል። «መጀመሪያ ለኩኝ» ብለው ተቀመጡ። ሳሎኑን ወደዱት። መኝታ ቤቶቹንም ወደዱ። ከዚያ ማዕድ ቤት ገብተው ብዙ ቆዩና፣ «የእንጀራ ምጣዱ የት ነው የሚቀመጠው?» አሉ። ሌንሱን አየሁ፤ አንደኛው ላይ ነው። ፕላኑን ገልጬ አየሁ፤ እውነትም ቦታ አልተተወለትም። ጥያቄውን ለአርክቴክቱ ላክሁለት።