በኡትሬክት፣ በዓይነ ስውሩ ዋሽንተኛ ግቢ

ባቡሩ ከአምስተርዳም ኡትሬክት ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ቢፈጅበትም፣ እኔ ግን ይህን ጉዞ ለዓመታት ስመኘው ኖሬአለሁ። በቦርሳዬ የያዝሁት ከእንጨት የተሠራች ትንሽ ሪኮርደር ነበረች፤ እንደ ዋሽንታችን ቀጥ ተደርጋ የምትነፋ፣ ከፊት ሰባት፣ ከኋላ አንድ ቀዳዳ ያላት መሣሪያ ናት።

ያመጣኝ ያኮብ ፋን አይክ የተባለ የ17ኛው መቶ ዘመን ሆላንዳዊ ዋሽንተኛ ነው። ዓይነ ስውር የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ የዶም ካቴድራል የደወል ተጫዋች ሆኖ ሠርቷል። በ1649 የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሹማምንት ደመወዙን ከ80 ወደ 100 ጉልደን (የያኔው የሆላንድ ገንዘብ) ከፍ ሲያደርጉለት፣ በግቢው የሚንሸራሸሩትን ሰዎች አልፎ አልፎ ማታ ማታ በዋሽንቱ እንዲያስደስት ጠየቁት። እኔም የሄድሁት ወደዚያው ግቢ፣ ወደ ያንስከርክሆፍ ነበር። ቅዳሜ ስለነበር የአበባ ገበያው ገና አልተበተነም።

«ዴር ፍሎይተን ሉስትሆፍ»፣ ማለትም «የዋሽንት የደስታ ገነት»፣ የተሰኘው ሥራው በአምስተርዳም የታተመ ሲሆን 150 ያህል ዜማዎችን ይዟል፤ መዝሙረ ዳዊት፣ የፍቅር ዘፈን፣ የጭፈራ ዜማ፣ ከእንግሊዝና ከጣሊያን የመጡም አሉበት። ዜማው መጀመሪያ እንዳለ ይነፋል። ቀጥሎ «ሞዶ 2»፣ ማለትም የዚያው ዜማ ሁለተኛ አጨዋወት፣ ሲመጣ እያንዳንዱ ረጅም ድምፅ ወደ ሁለት፣ ወደ አራት ትንንሽ ድምፆች ይከፋፈላል፤ በ«ሞዶ 3» ጣቶች እንደ ወፍ ክንፍ ይፈጥናሉ፤ ዘፈኑ ግን አይጠፋም። አጃቢ መሣሪያ የለም፤ ከበስተሥር ያለውን ድምፅ ሰሚው ራሱ በልቡ ይሞላዋል። ይህ ሊሆን የቻለው፣ በእኔ እምነት፣ መንገደኞቹ ዘፈኖቹን አስቀድመው በቃላቸው ያውቋቸው ስለነበረ ነው፤ የማያውቁት ዜማ ቢሆን ኖሮ የድምፆቹ ሩጫ ብቻ በተሰማቸው ነበር።

ገበያው ሲበተን ሪኮርደሬን አወጣሁ። «ዳፍኔ» የተባለውን ዜማ ስጀምር ነፋሱ የመሣሪያዋን አፍ እየመታ ዝቅተኛዎቹን ድምፆች ደጋግሞ ዋጠብኝ፤ ከፍተኛዎቹ ግን ጥርት ብለው ይሄዱ ነበር። ቤት ውስጥ ለዓመታት ስለማመድ ያልተረዳሁት ነገር ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጠጋ ብዬ ነፋሱን በጀርባዬ ስከልለው፣ ድንጋዩ ድምፁን መለሰልኝና ዝቅተኛዎቹም ተሰሙ። ፋን አይክ በየትኛው ጥግ ይቆም እንደነበር ያን ጊዜ በጣም አሰብሁ።

ሦስተኛው ሞዶ ላይ ስደርስ ከዶም ግንብ ሰዓቱ ተደወለ። የደወሉ ድምፅ እስኪያልቅ ጠበቅሁና፣ ፍጥነቱን ትቼ፣ ዳፍኔን ከመነሻው፣ እንዳለች ጀመርኋት።