መጀመሪያ የራሳችሁን አልጋ ለኩ

ለአራስ ልጅ ከእናቱ አልጋ ጎን የሚቆም ትንሽ አልጋ ልታሠሩ ስትነሡ ሁሉም ስለ ሕፃኑ አልጋ ያወራላችኋል፤ ስለ እንጨቱ፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ቀለሙ። ስለ እናንተ አልጋ የሚጠይቅ የለም። እኔንም የጠየቀኝ አልነበረም። አናጢው አልጠየቀም። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለጥፎ «ከማንኛውም አልጋ ጋር ይገጥማል» ያለው ሻጭ አልጠየቀም። በእርግዝና ክትትል ላይ «ከአጠገባችሁ ይተኛ፣ አብሯችሁ ግን አይተኛ» ያለችን ባለሙያም ምክሩን ሰጥታ አለፈች። ምክሩ ልክ ነው፤ ቢያንስ እስከ 6 ወር አንድ ክፍል፣ የተለያየ መኝታ። ጣጣው ያለው በሁለቱ መኝታዎች መሃል በምትቀረው ክፍተት ላይ ነው፤ ስለ እሷ ትንፍሽ ያለ የለም።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርሰው። እንጨቱ የደረቀ ዋንዛ ይሁን። ባሕር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ግን እርጥቡን ከሠሩት ሲደርቅ ይጣመማል፤ በጥቅምት የለካችሁት ክፍተት በመጋቢት ሌላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ችፑድ ሽንት ሲነካው ያብጣል፤ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ በክረምት አየሩ ራሱ ይበቃዋል። መገጣጠሚያው በምስማር ሳይሆን በ6 ሚሊ ብሎን ከነሮንዴላና ዳዶው ይታሰር፣ የብሎኑ ጫፍ ወደ ውጭ ይሁን። የማዕዘን ቋሚው ከጠርዙ በላይ ጉጥ ሆኖ አይውጣ፤ ልብስ የሚይዘው እሱ ነው። ጎኑ ወደ ታች የሚንሸራተት አልጋ «ለወገብ ይመቻል» እያሉ ዛሬም የሚሠሩ አሉ። አሜሪካ በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳይሸጥ የከለከለችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መያዣው ሲላላ ጎኑ በአንድ በኩል ይወርድና ሕፃኑን ከፍራሹ ጋር ያጣብቀዋል። የእኔ ውስጡ 55 በ90 ሴንቲ ነው፣ ስምንት ብሎን አለው።

በቋሚዎቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ6 ሴንቲ አይበልጥ። ሕፃን የሚሾልከው በእግሩ በኩል ነው፤ ሰውነቱ ያልፍና ጭንቅላቱ ይቀራል። ብዙ ሰው በለስላሳ መጠጥ ጣሳ ይሞክራል፤ «ጣሳው ካላለፈ ደህና ነው» ይላሉ። የተለመደው ጣሳ ግን ስፋቱ 6.6 ሴንቲ ነው፤ 6.4 ሴንቲ የሆነ ክፍተት ጣሳውን ከልክሎ እናንተን ያታልላችኋል። ልኩ 6 ሴንቲ የሆነ የእንጨት ቁራጭ አስቆርጡና በእሱ ሞክሩ፤ ሁለቱን ቋሚዎች በእጃችሁ እየለጠጣችሁ ጭምር። ቀጭን ቋሚ ይለጠጣል። አናጢው «አይዞህ ወንድሜ፣ እንኳን ሕፃን ድመትም አያልፍ» ሲል ሣቁ፣ ቁራጩን ግን ከኪሳችሁ አውጡ።

ቀለም ባይቀባ እመርጣለሁ። ከቀባችሁ እርሳስ (መርዛማው ብረት) የሌለበት መሆኑ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ብቻ ግዙ፤ የአገራችን ደንብ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) በላይ እርሳስ ያለው ቀለም ይከለክላል፣ ከትልቅ ጣሳ እየተቀዳ የሚሸጠው ላይ ግን ምንም የሚነበብ ነገር የለም። ልጁ ጥርስ ሲያወጣ ጠርዙን ይግጠዋል። እኔ በብርጭቆ ወረቀት ሁለት ጊዜ አስፍቄ የተልባ ዘይት ቀባሁት፤ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ወስዷል። ዘይቱን ያበሳችሁበትን ጨርቅ ጨማድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተጨማደደ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን ይይዝና በራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

ፍራሹን አልጋው ካለቀ በኋላ በልኩ አስቆርጡ እንጂ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን አትውሰዱ። ውፍረቱ 8 ሴንቲ ይበቃል፣ ግን ደረቅ ስፖንጅ ይሁን፤ በመዳፍ ተጭናችሁ ስትለቁት የእጃችሁ ቅርጽ ወዲያው ካልጠፋ ተዉት። በፍራሹና በእንጨቱ መሃል ሁለት ጣት ከገባ ሰፊ ነው ይባላል፤ እኔ አንድ ጣትም ባይገባ እላለሁ፣ ስፖንጅ ከጊዜ ጋር ይሸሻልና። የመጣበትን ፕላስቲክ ቅደዱና ጣሉት። «እንዳይረጥብ» ተብሎ የሚተው ፕላስቲክ ፊት ላይ ይለጠፋል።

አሁን ወደዚያች ክፍተት።

ያሠራሁት ባለ ሦስት ጎን አልጋ ነበር። አራተኛው ጎን ክፍት ሆኖ ከእናትየው አልጋ ጋር ይገጥማል፤ ሌሊት ሳትነሣ ስባ ታጠባለች። በፎቶው ላይ ያለው ትልቅ አልጋ ግን ፍራሹ ጠፍጣፋ መደብ ላይ የተቀመጠ፣ ዙሪያው ሳንቃ የሌለው ነው። የእኛ አገር አልጋ እንደዚያ አይደለም። ፍራሹ በሳንቃ መሃል ርብራብ ላይ ይገባል። የኔን በቁጥር ላስቀምጠው። የሳንቃው ጫፍ ከወለሉ 45 ሴንቲ፣ ርብራቡ 35 ላይ፣ ፍራሹ 18 ሴንቲ፤ ስለዚህ የፍራሹ ፊት 53 ሴንቲ ላይ ነው፣ ከሳንቃው 8 ሴንቲ ከፍ ብሎ። ሳንቃው 3 ሴንቲ ይወፍራል። ፍራሹ ከሳንቃው 2 ሴንቲ ሸሽቷል። የሕፃኑ አልጋ የራሱ ጠርዝ ደግሞ 2.5 ሴንቲ። ደምሩት፤ ሁለቱ አልጋዎች «ተገጥመው» እያለ በፍራሾቹ መሃል 7.5 ሴንቲ ስፋትና 8 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ቦይ ተጋድሟል። ላዩ ላይ አንሶላ ሲነጠፍ ደግሞ አይታይም። ለቋሚዎቹ 6 ሴንቲ ብዬ ከአናጢ ጋር ስከራከር የከረምኩት ሰውዬ ከልጄ ፊት ጎን 7.5 ሴንቲ ትቼ ነበር።

በመጀመሪያ በቀበቶ ጠበቅኩት። ቀበቶው በፍራሹ ሥር ዞሮ ማዶ ካለው ሳንቃ ጋር ይታሰራል። ምንም ያህል ቢጠብቅ ግን የሳንቃውን ውፍረት አያጠፋውም። ይባስ ብሎ የሕፃኑ አልጋ ትንንሽ ጎማዎች ነበሩት፤ ሴራሚክ ወለል ላይ ጎማ ማለት መንሸራተት ነው። እናትየው ለመነሣት ጠርዙን በገፋች ቁጥር ቀበቶው ይላላል። ማታ በእርሳስ ወለሉ ላይ አስምሬ ጠዋት ስለካው 3 ሴንቲ ሸሽቷል። ጎማውን አስወልቄ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ እግሮቹ ሥር አስመታሁ፤ መንሸራተቱ ቆመ፣ ቦዩ ግን እዚያው ነው።

ቀጥሎ ቦዩን ሞላሁት። ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር ይህ ነው፤ «ጋቢ ጠቅልለህ ክተትበት»። ጋቢ ይፈታል፣ ይንሸራተታል፣ መጨረሻው ሕፃኑ ፊት ላይ ነው። ስፖንጅ በልኩ አስቆርጬ ብከትበትም ያው ነው። ባዶ አልጋ ላይ ልክ ይገጥማል፤ እናትየው ጠርዙ ላይ ስትጋደም የእሷ ፍራሽ ይሰምጥና ስፖንጁ እንደ ትራስ ጎልቶ ይወጣል። ለስላሳ ነገር ሕፃኑ አፍንጫ አጠገብ አስቀመጥኩ ማለት ነው።

ሦስተኛው እስካሁን የሚያናድደኝ ነው። እናትየው ስትጋደም የፍራሹ ጠርዝ ከ53 ወደ 48 ይወርዳል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ የሕፃኑን አልጋ አራቱንም እግሮች 5 ሴንቲ አስቆረጥኩ። እሷ ስትተኛ እኩል ሆነ፤ ስትነሣ ደግሞ የእኛ ፍራሽ ተመልሶ ያብጥና በሕፃኑ በኩል 5 ሴንቲ ግድግዳ ይሆናል፣ ሥሩ ያው ቦይ። በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ትነሣለች? ስፖንጅ ፍራሽ ላይ እኩል የሚባል ከፍታ የለም። የተቆረጠ እግር አይቀጠልም፤ አልጋው ዛሬም አጭር ነው።

ባለ ሦስት ጎን አልጋ የሚሆነው እንግዲህ ለማን ነው? የእናትየው አልጋ የጎን ሳንቃ ከሌለው፣ ፍራሹ ደረቅ ከሆነና እስከ ጠርዙ ከደረሰ፣ ማሰሪያውም ከፍራሹ ሳይሆን ከአልጋው አካል ጋር ከተያያዘ። ሙከራው ቀላል ነው። እናትየው ጠርዙ ላይ ተጋድማ ሳለ በሁለቱ ፍራሾች መሃል ጣታችሁን ከራስጌ እስከ ግርጌ ጎትቱ፤ ከዚያ ተነሥታ ድገሙት። አንዱም ቦታ ላይ ከገባ አይሆንም። አለመግባቱንም በየማታው አረጋግጡ። ይህን የሚያልፍ አልጋ በሰፈራችን ብዙ ያለ አይመስለኝም።

እኔ አራተኛውን ጎን አሠርቼ በብሎን ዘጋሁት። ከፍራሹ ፊት እስከ ጠርዙ 30 ሴንቲ አደረግኩት፤ አልጋው ከእኛ 40 ሴንቲ ርቆ ቆመ። እናትየው እጇን ዘርግታ ትነካዋለች፣ የእኛ ብርድ ልብስ ግን አይደርስበትም። «ታዲያ ከተራ አልጋ በምን ተለየ?» ይሉኛል። በምንም። ለማጥባት መነሣት አለባት፣ ይደክማታል፣ ልጁን እንደታቀፈች እንቅልፍ ሊጥላት ይችላል። ስለዚህ «አብሮ መተኛት ክልክል ነው» ብሎ ዝም የሚል ምክር አልወድም። የምታጠባው ሶፋ ላይ ሳይሆን አልጋ ላይ ይሁን፤ ሶፋ ከሁሉም የከፋ ነው። ትራሱንና ጋቢውን ከዚያ በኩል አንሡ፣ ስትነቃ ወዲያው ወደ ቦታው ትመልሰው።

ርቀቱ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አመጣ። ሐይቅ ዳር ነን፣ ወባ አለ፣ ያለ አጎበር አይታሰብም። የሚታደለው ትልቁ አጎበር አብዛኛውን ጊዜ 1.80 በ1.90 ነው። የእኛ አልጋ 1.20፣ ሳንቃዎቹ 6 ሴንቲ፣ መተላለፊያው 40፣ የሕፃኑ አልጋ ከነጠርዙ 60፤ ድምሩ 2.26። አይበቃም። ለሕፃኑ ብቻ ትንሽ አጎበር ከላዩ መጣል መፍትሔ አይመስለኝም፤ ወደ ውስጥ ሲረግብ እጁ ይደርስበታል፣ ይጎትተዋል። ሁለት አጎበር ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ በአንድ ጎናቸው አስቀጠልኳቸው፣ ከጣሪያ በስድስት ቦታ ሰቀልኩ፣ ጠርዙ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ እንዲተኛ አድርጌ። አዲስ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት 24 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይናፈስ፤ ፀሐይ ላይ ካሰጣችሁት መድኃኒቱ ይደክማል።

አልጋው ውስጥ የሚገባው ልጁ ነው፣ ጥብቅ ብሎ የተነጠፈ አንሶላም። ትራስ፣ ዙሪያውን የሚታሰር ስፖንጅ፣ አሻንጉሊት አይገባም። የዙሪያ ስፖንጁን አሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. በሕግ አግዳዋለች፤ እዚህ ገና የአራስ ጥሪ ስጦታ ነው። በኅዳርና በጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ልብስ ከመጨመር ልብስ ደርቡለት። ቤት ውስጥ ኮፍያ አያስፈልገውም። በጀርባው ይተኛ። አያቶች በጎኑ አስደግፈው ማስተኛት ይወዳሉ፣ ሲያስመልሰው እንዳያንቀው ነው። በጀርባው ሲተኛ ግን የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ ያስመለሰው ወደ አየር ቧንቧ ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። ይህን በእጄ እያሳየሁ ስነግራቸው ከማንኛውም ወረቀት በላይ ሠርቷል። ከትራሱ ሥር ብረት ካልተቀመጠ ብለው ካስቸገሩ ወለሉ ላይ፣ ከአልጋው ሥር አስቀምጡላቸው፤ እኔ አልከራከርም። በማተቡ ግን እከራከራለሁ። አንገት ላይ ያለ ክር ቋሚ ላይ ወይም ብሎን ላይ ሊያዝ ይችላል፤ ማታ ወልቆ ራስጌው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። እምቢ ካሉ ቢያንስ ሲሳብ ቶሎ የሚበጠስ ስስ ክር ይሁን።

ልጁ ያለ ጊዜው ወይም በጣም ትንሽ ሆኖ ከተወለደ ይህ ሁሉ ይቆይ፤ የጤና ባለሙያዎች ገላ ለገላ ታቅፋችሁት ቆዩ ካሏችሁ እሱን አድርጉ።

ሲገለበጥ ወይም በእጁ ደግፎ ደረቱን ሲያነሣ የዚህ አልጋ ጊዜ አብቅቷል፣ 6 ወር ባይሞላውም። 30 ሴንቲ ጠርዝ የሚበቃው ለማይነሣ ልጅ ነው። ከዚያ ወደ ትልቁ፣ ከፍራሹ እስከ ጠርዙ ከ50 ሴንቲ በላይ ወዳለው አዛውሩት። ትንሹን አልጋ ሰው መዋሱ አይቀርም። ስሰጥ ስምንቱን ብሎንና የአራተኛውን ጎን አራት ብሎን ቆጥሬ ካልሲ ውስጥ አስራለሁ፤ አንድ ከጎደለ ምስማር ይመቱበታል። ከብሎኖቹ ጋር ያቺን 6 ሴንቲ የእንጨት ቁራጭ እጨምራለሁ።