ወንድሜ ያወራልኝ ፊልም

ትናንት ማታ መብራት ሄደ። አዳማ ላይ መብራት ሲሄድ ሙቀቱ አብሮ አይሄድም። ፋኑ ቀጥ ሲል ቤቱ የጋለ ምጣድ ይሆናል። ወንበር ይዘን ግቢ ወጣን፤ እማዬ፣ እኔና ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣችው የወንድሜ ልጅ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የስልኳ ቻርጅ ስላለቀባት አፏ ተከፈተ።

"አክስቴ፣ ሰው መጽሐፉን ነው መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ወይስ ፊልሙን ማየት?"

የትኛውን መጽሐፍ እንደሆነ አልነገረችኝም። "እያነበብሽ ጠብቂ፣ መብራት ሲመጣ ታያለሽ" ብዬ ቀለድኩባት። እማዬ ግን ሳቀች። በእኛ ቤት ይሄ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንዳጨቃጨቀ ታውቃለች።

አባዬ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። መጽሐፍ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ባለፈ ዓመት ካላንደር መሸፈን ነው። ጫፉ የታጠፈ ገጽ ካገኘ ቤት ውስጥ ምርመራ ይጀመራል፤ ማን ነው ያጠፈው፣ መቼ፣ ለምን። ፊልም ደግሞ ለእሱ ማንበብ የሰነፈ ሰው መጽናኛ ነበር። "ጎበዝ ሌላ አኝኮ የሰጠውን አይበላም" ይላል።

በዚያው ዘመን፣ 1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ ጥቁር መጋረጃ፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥን። ውጪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ ይጻፋል። ስፔሊንጉ አንድም ቀን ልክ ሆኖ አያውቅም። ሴት ልጅ እዚያ አትገባም። ክልክል ነው ያለ የለም፤ ግን የገባች ልጅ ወሬዋ ቀድሟት ቤት ይደርሳል። ስለዚህ የእኔ ሲኒማ ታላቅ ወንድሜ ነበር። አባዬ ሳያየው ይሄዳል፣ ማታ ተኝተን በሹክሹክታ ያወራልኛል።

አንድ ማታ ባልሠራው ወንጀል ስለታሰረ ሰው አወራልኝ። ሚስትህን ገድለሃል ተብሎ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት፣ ዓመታት ሙሉ በትንሽ መዶሻ ግድግዳ የሚፈለፍል። ያመለጠ ለታ በፍሳሽ ቱቦ ውስጥ በሆዱ ይሳባል። "ርቀቱ ምን ያህል መሰለሽ? ከእኛ ቤት እስከ ፖስታ ቤት!" አለኝ። አንሶላ ውስጥ ሆኜ አፍንጫዬን ያዝኩ።

ከሁሉ ግን ያልረሳሁት የሸክላውን ነገር ነው። ሰውየው የእስር ቤቱን ቢሮ ከውስጥ ቆልፎ ሸክላ ያጫውታል፣ በድምፅ ማጉያ። ሁለት ሴቶች ይዘፍናሉ። ግቢው ውስጥ ያለ እስረኛ ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

"ምን እያሉ ነው የሚዘፍኑት?"

"እኔ እንጃ። እስረኞቹም አያውቁም።"

"እና?"

"እናማ ቪዲዮ ቤቱም ዝም አለ። እነዚያ ከኋላ የሚጮኹት ሳይቀሩ።"

ፊልሙን ራሴ ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው። "ዘ ሾሻንክ ሪደምሽን" ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ፣ ፍራንክ ዳራቦንት የሠራው። ዘፈኑ ከሞዛርት "የፊጋሮ ጋብቻ" ነው። ታሪኩን የሚተርከው ሬድ፣ ሴቶቹ ምን እንደሚዘፍኑ እስከ ዛሬ እንደማያውቅና ማወቅም እንደማይፈልግ ይናገራል። ይሄን ስሰማ ሳቄ መጣ። ዘጠነኛ ክፍል የነበረው ወንድሜና ጓደኞቹ የሬድንም እንግሊዝኛ በደንብ አልሰሙትም። እዚያ አግዳሚ ላይ ልክ እንደ እስረኞቹ ነበር የተቀመጡት።

ከዚያ መጽሐፉን ፈለግኩ። ከመንገድ ዳር ሸራ ላይ መጽሐፍ ከሚዘረጋ ሰውዬ አገኘሁት። የስቲቨን ኪንግ "ዲፈረንት ሲዝንስ"፣ እ.ኤ.አ. የ1982 ሥራ፣ አራት ረጃጅም ታሪኮች ያሉበት። ይሄ ፊልም የተሠራው ከመጀመሪያው ነው። የሸክላውን ቦታ ስጠብቅ ታሪኩ አለቀ። ገጽ የተገነጠለ መሰለኝ። ቁጭ ብዬ የገጽ ቁጥር ቆጠርኩ። የጎደለ የለም። ኪንግ ጭራሽ አልጻፈውም! ሰው ስለዚህ ታሪክ ሲነሳ መጀመሪያ ትዝ የሚለውን ነገር ያመጣው ፊልም ሠሪው ነው።

ሌላም አለ። መጽሐፉ ላይ ብዙ የእስር ቤት አዛዦች ይፈራረቃሉ፤ ዘመኑ ረጅም ነውና። ፊልሙ ሁሉንም አንድ ሰው አደረጋቸው። ጥላቻችን አድራሻ አገኘ። ሬድ ደግሞ መጽሐፉ ላይ ፀጉረ ቀይ አይሪሽ ነው፤ ፊልሙ ላይ ሞርጋን ፍሪማን ሆነ። ለምን ሬድ እንደተባለ ሲጠየቅ "አይሪሽ ስለሆንኩ ይሆናል" ይላል። ይቺ ቀልድ የገባችኝ ካነበብኩ በኋላ ነው።

በአንድ ነገር ግን ከመጽሐፉ ጋር ነኝ። ቶሚ የሚባል ወጣት እስረኛ አለ፤ የእውነተኛውን ገዳይ ነገር የሚያውቅ። ፊልሙ ላይ ተኩሰው ይገድሉታል። መጽሐፉ ላይ አይሞትም። ወደሚሻል እስር ቤት ይዛወራል፣ እሱም አፉን ይዘጋል። ይሄኛው የባሰ ያማል። ሰው ለትንሽ ምቾት እውነቱን ሲውጠው በዓይናችን ያየነው ነገር ነው።

ወደ አባዬ ልመለስ። ማሪዮ ፑዞ የጻፈው "ዘ ጎድፋዘር" ነበረው፣ ያው በካላንደር ተሸፍኖ። ፊልሙን ከሲዲ ቤት ተከራይቼ ያመጣሁ ለታ አባዬ ጋዜጣውን ዘርግቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያነባል፤ ማለት ገጽ አይገልጥም። ሦስት ሲዲ ነበር። አንደኛው ሲያልቅ "ቀይሪው እንጂ!" ያለኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ የጎደለ እየቆጠረ አስቸገረኝ። "ዘፋኙ ሰውዬ ብዙ ታሪክ ነበረው፣ አሳጠሩት።" "የአባትየው የልጅነት ታሪክ የታለ?" እሱ በኋላ በሁለተኛው ፊልም እንደመጣ አላወቅንም። ሉሲ የምትባለውን ሴት ግን አንድም ጊዜ አላነሳትም። መጽሐፉ ላይ ስለ እሷ ገላና ስለ ቀዶ ጥገናዋ ብዙ ገጽ አለ። አባዬ ልጁ ፊት እንዴት ያንሳው? ይሄም የገባኝ ካነበብኩ በኋላ ነው። ፊልሙ ያንን ሁሉ ጥሎታል። አንድ ሰው እንኳን ቅር ሲለው አልሰማሁም።

ክርስትናው ላይ ስንደርስ ጋዜጣው ወረደ። የማፊያ አለቃ የሆነው ማይክል የእህቱን ልጅ ክርስትና ያነሳል። ቄሱ ሰይጣንን ትክዳለህ ወይ ይለዋል። እክዳለሁ ይላል። በዚያችው ሰዓት የእሱ ሰዎች ጠላቶቹን እየዞሩ ይገድላሉ። ካሜራው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ጥይት፣ ከጥይት ወደ ሕፃኑ ይመላለሳል። መጽሐፉ ላይ ክርስትናውና ግድያው ለየብቻ ናቸው። እኛ ቤት ክርስትና ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው አያስፈልግም። እማዬ ከጓዳ ብቅ አለችና አማተበች። "ይሄ ሰውዬ ሕፃኑን ይዞ ነው የሚዋሸው?" አለች። መልስ የሰጣት የለም።

ከዚያ የመጨረሻዋ ቦታ መጣች። የማይክል ሚስት ኬይ የእህትህን ባል ገድለሃል ወይ ትለዋለች፣ አልገደልኩም ይላታል። ወጥታ ዞር ስትል ሰዎቹ እጁን ሲስሙት ታያለች። በሩ ፊቷ ላይ ይዘጋል። አለቀ።

አባዬ ተነሳ። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደ። የመጨረሻውን ገጽ ቆሞ አነበበ። "እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ስለ ነፍሱ ትጸልያለች" አለ። ትንሽ ቆየና መጽሐፉን መለሰው።

"በሩ ይሻላል።"

ያቺን ብቻ ነው ያለው። በማግስቱ ስለ ፊልም ያለው አቋም እንደ ድሮው ነበር።

አባዬ ካረፈ በኋላ ያወቅኩት ነገር አለ። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ ፊልሙን ሊሠራ ሲነሳ የፑዞን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ገነጣጥሎ በትልልቅ ወረቀት ላይ ለጠፈው። ዳርና ዳሩን በማስታወሻ ሞላው። የቱ ይቅር፣ የቱ ይቅደም፣ የት ቦታ ሊበላሽ ይችላል። ያንን ወፍራም ደብተር ይዞ ነው የሠራው። አባዬ ይሄን ቢሰማ ኖሮ የምርመራው ርዝመት ይታየኛል! ግን ጫፉን ላለማጠፍ የሚሳሳ ሰው ያንን በር አያገኘውም ነበር። ፑዞ ራሱም አልከፋውም። መጽሐፉን የጻፈው 20,000 ዶላር ዕዳ አናቱ ላይ ቆሞበት ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ከኮፖላ ጋር ሆኖ ጻፈ፣ ኦስካሩንም አብረው ወሰዱ።

"ጆውስ"ም እንዲሁ ነው። የፒተር ቤንችሊ መጽሐፍ ላይ የፖሊስ አዛዡ ሚስት ከዓሣ አጥኚው ጋር ትማግጣለች። ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1975 ሲሠራው ይሄን አወጣው። ሦስት ወንዶች፣ አንድ ጀልባ፣ አንድ ሻርክ ቀሩ። በዚያ ላይ ሰው ሠራሹ ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገራቸው ብዙ ጊዜ ሳያሳዩት ነው የሠሩት። ወንድሜ ሲያወራልኝ "ዓሣው እኮ አይታይም፣ ግን እግራችንን አግዳሚው ላይ ሰቀልን" ብሎኝ ነበር።

እማዬን በዚህ ነገር ማሳመን ግን አይቻልም። "ነገም ሌላ ቀን ነው"ን ያነበበች ሴት ናት። ነቢይ መኮንን በደርግ ጊዜ እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ። ፊልሙን፣ እ.ኤ.አ. የ1939ኙን "ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ"፣ አብረን አየነው። አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። እማዬ ግማሹ ላይ "ልጆቿስ?" አለች። መጽሐፉ ላይ ባለታሪኳ ስካርሌት ሦስት ልጆች አሏት፤ ፊልሙ አንዷን ብቻ ነው ያስቀረው። "ሁለት ልጅ አጥፍተው ነው እንዴ ኦስካር የሚሰጧቸው?" አለችና ተነስታ ቡናዋን አፈላች።

"ፍቅር እስከ መቃብር"ም በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ሲመጣ አየችው። አልጠላችውም። ዓይኗን ጨፍና ነው ግን የምታየው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው የሰማ ትውልድ ምን ታደርገዋለህ? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ለእሷ ዓይን ሳይሆን ጆሮ ነው። ጉዱ ካሳ መልክ የለውም፤ ድምፅ ነው ያለው። እኔ ደግሞ ወጋየሁ መጽሐፉን በለጠው ለማለት አልደፍርም። እሷ ግን ትደፍራለች።

ይሄን ሁሉ ትናንት ማታ በጨለማ እያወራን ሳለ ልጅቷ "በቃ አንዱን ንገሪኝ" አለች። የሾሻንክን ነገርኳት። ልክ አባቷ እንደነገረኝ አድርጌ፤ ከእነ ፖስታ ቤቱ።

እናትየዋንም ጨምሬ። አዎ፣ ይሄን ሳልጽፈው አልፌ ነበር። በወንድሜ ታሪክ ውስጥ የታሳሪው እናት አለች። በየሳምንቱ ስንቅ ይዛ በሩ ላይ ትቆማለች። ዘበኞቹ እንጀራውን እየገለጡ ይፈትሻሉ። አንድ ቀን ሳህኑ ሳይበላ ይመለስላታል። ያን ጊዜ ልጇ ማምለጡን ታውቃለች፤ እያለቀሰች መሳቅ አትችል፣ ሳህኑን ደረቷ ላይ ይዛ ትሄዳለች። ፊልሙን ሳየው እናትየዋን ጠበቅኳት። መጽሐፉ ላይም ጠበቅኳት። የትም የለችም። ለወንድሜ ደውዬ ስጠይቀው "ቪዲዮ ቤቱ ያሳየን ያልተቆረጠውን ነው" ብሎ ድርቅ አለ። አያታችን በደርግ ጊዜ ለአጎታችን ስንቅ ታመላልስ ነበር። ያቺ ሳህን አሁንም እማዬ ጓዳ ውስጥ አለች፣ ጠርዟ ተላልጦ።

መብራት ሌሊት መጣ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ሳሎን ፊልሙን ከፍታ ነበር፤ እኔ ጓዳ ሽንኩርት እየላጥኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ድምፅ አላሰማችም። ሸክላውም አለፈ፣ ሰማሁት። ከዚያ ጮኸች፤

"አክስቴ! እናቱ መቼ ነው የምትመጣው?"