ጣና፣ አራተኛ ሙከራ፦ ለኅዳር እየተዘጋጀሁ ነው

አሳ ማጥመድ ስጀምር መጀመሪያ የገዛሁት መንጠቆ አሁንም ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። አሳ ነክቶት አያውቅም። ባሕር ዳር ይዤው ስሄድ ጀልባ ያከራዩኝ ሽማግሌ አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ለአሳ ነው ለበሬ?» አሉኝ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ክረምቱን ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ከረምኩ። ሰዎቹ ሰው የሚያህል አሳ ይጎትታሉ። ናይል ፐርች ይሉታል። አባይ ውስጥ ካለማ ጣናም አይጠፋም ብዬ ወፍራም ክር፣ ከባድ ዘንግና ያንን የበሬ መንጠቆ ሸመትኩ። ጢስ አባይን እንዴት እንደረሳሁት! ስንት ጊዜ ሄጄ ያየሁት ፏፏቴ ነው። ያን ሁሉ ገደል ሽቅብ ዘሎ ጣና የሚገባ አሳ የለም። የጣና አሳ ከታችኛው አባይ አሳ ተለይቶ የቀረውም በዚሁ ነው። ናይል ፐርች ጣና ላይ እንደሌለ የገባኝ ብሬን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

እስካሁን ያለኝ ውጤት ይሄ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ዜሮ። ሁለተኛው ሁለት ቀረሶ (ቲላፒያ የሚሉት)። ሦስተኛው፣ ሚያዝያ ላይ፣ ስድስት ቀረሶና አንድ አምባዛ (ካትፊሽ የሚሉት)። አራተኛው ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። መንጠቆ ጨብጠው የማያውቁ ሁለት ጓደኞቼም አብረውኝ ይሄዳሉ።

ለምን ኅዳር? ክረምት ላይ ከሰከላ የሚነሳው ግልገል አባይ ጣና የሚገባው አፈር ተሸክሞ ነው። በዚያ በኩል ውሃው ማኪያቶ ይመስላል። የነጭ አሳም ጉዳይ አለ። ነጭ አሳ ስንል አንድ ዓይነት ይመስለናል እንጂ ጣና ውስጥ ከ15 ያላነሰ ዝርያ አለው። አብዛኛው ሌላ የትም አይገኝም። ከነሱ ብዙዎቹ ክረምቱ ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ በመረብ ማፈስ ቀላል ስለሆነ ቁጥራቸው በጣም ተመናምኗል። የኔ አንድ መንጠቆ ምንም አያጎድል ይሆናል። ግን ለመውለድ የምትሄድን አሳ መንገድ ላይ መጠበቅ ደስ አይለኝም። በዚያ ላይ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል። በጾም አሳ ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት ገና አልተቋጨም። እናቴ ግን በጾም አሳ ድስቷን አታስነካም። ስለዚህ ከ15 በፊት ሄዶ መመለስ ነው።

አሁን ወደ ነፋሱ ልምጣ። ሁለተኛው ጉዞ ላይ አሳው እምቢ ስላለኝ እልህ ያዘኝና ዘጌ አካባቢ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ቆየሁ። ጠዋት መስታወት የመሰለ ሐይቅ ከሰዓት ተነሳብን። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ በጣም ጠለቀ የተባለው ቦታ ግን 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል። ጀልባችን እንደ ወንፊት ትርገፈገፍ ጀመር። ዳር እስክንደርስ ያልተሳልኩበት ታቦት የለም። ከዚያ ወዲህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ 12 ሰዓት ላይ መንጠቆዬን እጥላለሁ፣ 4 ሰዓት ሲሆን አሳ ቢነክስም ባይነክስም እወጣለሁ። ላይፍ ጃኬት የሌለው ጀልባ ላይ በነጻም ቢሉኝ አልወጣም።

ቦታው ያው ዘጌ ነው። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት በኩል ለከተማው ይቀርባል፣ ግን ጉማሬ አለበት። በጨለማ እዚያ ሰፈር መዞር አያምረኝም። ቁንዝላ ገና አልሄድኩም፣ ለጊዜው ለጀማሪ ጓደኞቼ ይርቃል። ቀረሶ የሚገኘው ደንገሉና ሣሩ ጥግ፣ አንድ ሁለት ሜትር ውሃ ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ መሃል ሐይቅ ካልገባሁ ብዬ ነበር የተከራከርኩት። ሱሪ ጠቅልሎ ውሃ ውስጥ ገብቶ መቆምም ያምራል፤ ግን ቢልሃርዚያ ስላለ ትቼዋለሁ።

ዕቃው ከመጀመሪያው ጋር ሲነጻጸር ያስቃል። የቀረሶ አፍ ትንሽ ነው። ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ በቂ ነው። ልብ በሉ፣ በነዚህ መንጠቆዎች ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል። እኔ 10 ከ2 ይበልጣል ብዬ ተሸውጃለሁ። ክሩ 0.25 ሚሊ ሜትር ናይለን፣ ከላይ ቡሽ፣ ከታች የጤፍ ፍሬ ሳይሆን የአተር ፍሬ የሚያህል እርሳስ። ምግቡ ትል ነው፣ ካለቀ ጠንከር ያለ ሊጥ። ቡሽዋ ትንሽ ስትነቃነቅ አትጎትቱ፣ ሰምጣ ወደ ጎን ስትሄድ ነው የሚጎተተው። አንዳንዴ እያየቻችሁ የማትነክስ ቀረሶ ትኖራለች። አትናደዱባት። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ ያን ሰሞን አትበላም።

አምባዛ ሌላ ነው። እሱ ከሥር የሚሄድ፣ ሽታ የሚከተል፣ ሲመሽ የሚደፍር አሳ ነው። ለሱ ብቻ ትልቅ መንጠቆና ወፍራም ክር እይዛለሁ፣ የሥጋ ቁራጭ አደርግበታለሁ። ሲወጣ የጎን ክንፉ ላይ እሾህ ስላለው በጨርቅ ነው የሚያዘው። የሚያዝያው አምባዛ አውራ ጣቴን ወግቶኝ ሳምንት ሙሉ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶኝ ነበር። ከውሃ ወጥቶም ቶሎ አይሞትም፣ አየር ይተነፍሳል። ሞቷል ብዬ ከረጢት ውስጥ የከተትኩት ከስንት ሰዓት በኋላ ሲንፈራገጥ የእንግዳ ማረፊያዋ ሴትዮ «በስመ አብ!» ብለው ትሪያቸውን ጣሉት።

የቀረኝ ትል መቆፈር ነው። እናቴ ጓሮ፣ ጌሾው ሥር ያለው እርጥብ አፈር ውስጥ ሞልቷል። ባለፈው በቡና ጣሳ ይዤው ስሄድ ቡሬ ላይ ሚኒባሱ ፍሬን ሲይዝ ክዳኑ ተከፈተ። ትሉን ከሰው እግር ሥር እየለቀምኩ ዳንግላ ደረስን። የዘንድሮው ጣሳ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ነው፣ በሚስማርም አየር ማስገቢያ በስቼለታለሁ።