አሳማ የማይበሉ ክርስቲያኖች በአልፑሃራ ተራሮች

ማድሪድ ውስጥ የሚኖር ኦርቶዶክስ ሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ «አሳማ የሌለበት ምን አላችሁ?» ባለ ቁጥር አስተናጋጁ «ሃላል ነው የምትፈልገው?» ይለዋል። አንገቱ ላይ ያለው መስቀል ነገሩን አያቃልልም፤ እንዲያውም ያወሳስበዋል። እኔና ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ከለመድነው ቆይተናል። ስለዚህ በጥቅምት አጋማሽ ቅዳሜና እሁድን ወደ አልፑሃራ እንሂድ ሲለኝ «የካም፣ የዚያ የደረቀ የአሳማ እግር አገር ሄደን ምን ልንበላ ነው?» አልኩት። «የምንሄደው ተራራ ልናይ ነው እንጂ ልንበላ ነው እንዴ?» አለኝ። ሆዱን ለማያውቅ ሰው ይህ የሚታመን መልስ ነው።

አልፑሃራ ከግራናዳ ከተማ በስተደቡብ፣ የሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር በሚያዘቀዝቁበት በኩል ያለ አካባቢ ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ከማድሪድ ተነሥተን የኻኤንን የወይራ ማሳ አቋረጥን። በዚያ ክፍለ ሀገር ከ60 ሚሊዮን በላይ የወይራ ዛፍ አለ ይባላል። በግራም በቀኝም፣ በኮረብታውም በሜዳውም እሱ ብቻ ነው። ለአሥር ደቂቃ ያህል ያምራል፤ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ያመጣል። ግራናዳ ስንደርስ መሽቶ ስለነበር አድረን ጉዟችንን በጠዋት ቀጠልን።

ከግራናዳ ወደ ደቡብ ወጣ እንዳሉ አውራ ጎዳናው ቦአብዲል የተባለው የመጨረሻው የግራናዳ ሙስሊም ንጉሥ አለቀሰበት በሚባል ከፍታ ላይ ያልፋል። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ንጉሡ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1492 ከተማውን ለካቶሊኮቹ ነገሥታት ለፈርዲናንድና ለኢሳቤላ አስረክቦ ሲሄድ እዚህ ላይ ዞር ብሎ አይቶ እንባ ተናነቀው። እናቱም «እንደ ወንድ ልትጠብቀው ላልቻልከው ነገር እንደ ሴት አልቅስለት» አለችው። የትኛዋም እናት አገሯን ለቅቃ ስትሰደድ እንዲህ ትላለች ብዬ አላምንም፤ ይህን የፈጠረው ወንድ መሆን አለበት። እኔም ንጉሡ እንዳደረገው ዞር ብዬ ነበር፤ ያየሁት ግን ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና ነው። ቦአብዲል በስምምነቱ መሠረት ይኸው አልፑሃራ ርስት ሆኖ ተሰጥቶት ጥቂት ከቆየ በኋላ በ1493 ባሕር ተሻግሮ ሞሮኮ ውስጥ ወዳለችው የፌዝ ከተማ ሄዷል።

ላንሃሮን የምትባለውን የታሸገ ውኃና የፍል ውኃ ከተማ ሳንቆም አለፍናት። ኦርሂቫ ላይ ቡና ጠጥተን ነዳጅ ሞላን። እውነተኛው መንገድ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ በኩል ዐለት፣ በሌላው በኩል ገደል። ባለቤቴ በየመታጠፊያው ጥሩምባ ይነፋል፤ እኔ ደግሞ ፍሬን የሌለበት ወለል ላይ እግሬን እጫናለሁ። ከዚያ በድንገት የፖኬይራ ሸለቆ ይከፈታል፤ ፓምፓኔይራ፣ ቡቢዮንና ካፒሌይራ የተባሉት ሦስት ነጫጭ መንደሮች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው ይታያሉ። ከሁሉም በላይ ሙላሴን አለ፤ ከ3 ሺህ 400 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ በኢቤሪያ ምድር ከሁሉ የሚበልጥ ተራራ ነው። ስሙም የቦአብዲል አባት ስም ነው፤ ሽማግሌው ንጉሥ ጫፉ ላይ ተቀብሯል ይላሉ።

ፓምፓኔይራ እንደደረስን ባለቤቴ ሸለቆውንም ተራራውንም ትቶ ጣሪያ ማየት ጀመረ። የተወለደው ዐድዋ አካባቢ ነው፤ ልጅነቱን ያሳለፈውም ህድሞ በሚባለው ጠፍጣፋ ጣሪያ ባለው የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። የአልፑሃራ ቤቶች ደግሞ እንደሌላው የአንዳሉስያ መንደር ቀይ ሸክላ ክዳን የላቸውም፤ አናታቸው ጠፍጣፋ ነው። መንደሩ ተዳፋት ላይ ስለተሠራ ከላይኛው መንገድ ላይ ሆኖ የታችኛውን ቤት ጣሪያ በእጅ መንካት ይቻላል፤ እሱም ነካው። ካስታኞ ከሚሉት ዛፍ የተሠራ ወፍራም ወራጅ ይጋደማል፤ በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል፤ ከዚያ ላውና የሚሉት ግራጫ ሸክላ አፈር ይደለደላል። አፈሩ ውኃ ሲነካው ይጠብቅና ዝናብ አያሳልፍም። ላውና መፍሰስ ያለበት ጨረቃ ስትጎድል ነው የሚል ልማድም አላቸው። የጣሪያው ጠርዝ ላይ ውኃው ግድግዳውን እንዳይበላው ድንጋዩ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ባለቤቴ ከጠርዙ ሥር ቆሞ ቀና ብሎ እያየ «አባቴ ይህን ሥራ ቢያየው ምንም አይወጣለትም ነበር» አለ። ጣሪያው ላይ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል፤ አንዲት ድመትም መሐሉ ላይ ተኝታለች።

በመንደሩ ቁልቁለት መካከል በጠባብ ቦይ ውኃ ይወርዳል። ይህ ውኃ የሙሮቹ፣ ማለትም የድሮዎቹ የስፔን ሙስሊሞች ሥራ ነው። ከላይ ከበረዶው የሚቀልጠውን ውኃ በመስኖ ቦይ እየመሩ ለእርሻ ያውሉታል፤ የተወሰነውን ግን ከፍ ባለ ቦታ ላይ ሆን ብለው መሬት እንዲጠጣው ይለቁታል። የጠለቀው ውኃ በተራራው ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ወርዶ፣ ወራት አልፈው፣ በረዶው ካለቀ በኋላ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ያለ ሲሚንቶና ያለ ግድብ ተራራውን ራሱን ጎተራ አደረጉት። እዚያው መንደር ውስጥ ላጤ ሰው ማግባት አስቦ ከጠጣላት ወዲያው ሙሽራ ያገኛል የሚባልላት ምንጭ አለች። ባለቤቴ ሊጠጣ ጎንበስ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

ምሳ ላይ ያው ነገር መጣ። የአካባቢው ሳህን የሚባለው ምግብ በወይራ ዘይት ከቃሪያና ከሽንኩርት ጋር የተጠበሰ ድንች፣ እንቁላል፣ ካም፣ ቋሊማና ከደም የሚሠራ ሌላ ቋሊማ ነው። አሳማውን አውጥተው እንዲሰጡን ጠየቅን። አስተናጋጇ «ታዲያ ምን ቀረ?» አለች። የቀረው ድንቹና እንቁላሉ ነበር፤ ከዚያ ጉዞ የበላነው ምርጥ ምግብም እሱ ሆነ። ዋጋው ግን አልተቀነሰም።

ካፒሌይራ አድረን እሁድ ጠዋት ወደ ምሥራቅ ነዳን። ፖርቱጎስ ላይ ከመንገዱ ዳር ብረት የበዛበት ምንጭ አለ፤ ውኃው የሚወርድበት ዐለት ሁሉ ዝገት መስሎ ቀልቷል። ከአጠገቡ የእመቤታችን ትንሽ ጸሎት ቤት ስላለ ባለቤቴ ጠበል ነው ብሎ ፊቱን ታጠበ፣ ጠጣም። ጣዕሙ ሚስማር የመጥባት ያህል ነው።

ትሬቬሌስ ከሦስቱ መንደሮች ከፍ ትላለች። ስፔናውያን ከአገራቸው ከፍተኛ መንደሮች አንዷ እያሉ የሚኮሩባት ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1 ሺህ 480 ሜትር ገደማ ናት። ከአዳማ ዝቅ ትላለች ማለት ነው፤ ይህን ለማንም አልተናገርንም። ካሙ ግን ቀልድ አይደለም። በባሕር ጨው ብቻ የታሸ የአሳማ እግር በዚህ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ቢያንስ ለ14 ወራት ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ማድረቂያዎቹም መስኮታቸውን እንደ አየሩ ሁኔታ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ንግሥት ኢሳቤላ 2ኛ በ1862 የዘውዷን ማኅተም እንዲመታበት ፈቅዳለች። የገባንበት ሱቅ ኮርኒስ አይታይም፤ ከዳር እስከ ዳር እግር ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ እግር ጫፍ በታች የሚንጠባጠበውን ስብ የምትቀበል፣ የተገለበጠች ጃንጥላ የምትመስል ትንሽ ነጭ ጽዋ ተሰክታለች።

ለምን ገባን? የማድሪድ አከራያችን ቅዳሜ ማታ ደውለው «ትሬቬሌስ ከደረሳችሁ አንድ እግር አምጡልኝ» ስላሉን ነው። ኪራያችንን ጨምረውብን አያውቁምና እምቢ ማለት አልተቻለም።

ሻጯ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው። እንደገባን ቀጭን ቁራጭ በቢላዋቸው ጫፍ ዘረጉልን። አመስግነን እንደማንበላ ነገርናቸው።

«ሙስሊም ናችሁ?»

«አይደለንም፤ ክርስቲያኖች ነን» አልኩ። መስቀሌን ተመለከቱ።

«ካቶሊክ?»

«ኦርቶዶክስ።»

«ሩሲያዊ ደንበኛ አለኝ፤ እሱም ኦርቶዶክስ ነኝ ይላል። በየዓመቱ ገና ሲደርስ ሁለት እግር ይወስዳል!»

ባለቤቴ የኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 11 ሊያስረዳቸው ሞከረ። በእሱ ስፓኒሽ የሰኮናው ነገር ቀላል አልነበረም። ሴትየዋ በትዕግሥት አዳመጡትና «ይህ እኮ የአይሁድ ነው» አሉ። «የእኛም ነው» አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተቀበሉት ማለት ግን አይደለም።

እኔ በዚያ ሰዓት የማስበው ሌላ ነበር። ግራናዳ ከተያዘች በኋላ ሙስሊሞቹ በግድ እንዲጠመቁ ተደረገ። ከዚያ ንጉሥ ፊሊፕ 2ኛ በ1567 አረብኛቸውን፣ ልብሳቸውንና መታጠቢያ ቤታቸውን ከለከለ፤ ዓርብ ዓርብ ማንም እንዲያያቸው የቤታቸውን በር ክፍት እንዲያደርጉም አዘዘ። በ1568 በገና ዋዜማ እነዚህ መንደሮች ዐመፁ። ጦርነቱ እስከ 1571 ቆየ፤ ሕዝቡም ተነቅሎ በካስቲል ተበተነ፤ በቦታው ከሰሜን የመጡ ሰፋሪዎች ገቡ። ቦዮቹን የሚያሳዩ ሁለት ሁለት ቤተሰብ በየመንደሩ ቀርተው ነበር ይባላል። አሳማው በደንብ ቦታ ያገኘው ከዚያ ወዲህ መሆን አለበት። በዚያ ዘመን አሳማ አልበላም ማለት የኢንኩዊዚሽንን፣ ማለትም መናፍቃንን የሚያሳድደውን የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ጥርጣሬ የሚስብ ነገር ነበር፤ እውነተኛ ክርስቲያን መሆን በአፍ ሳይሆን በሳህን ይታይ ነበር። እኛ ደግሞ በዚያው ተራራ፣ በዚያው ቁራጭ ፊት ቆመን፣ ክርስቲያን ስለሆንን አንበላም እያልን እንከራከራለን። በዚያን ጊዜ ብንመጣ ባለቤቴ ምዕራፍ 11ን ጠቅሶ የሚጨርስ አይመስለኝም።

ሴትየዋ ወደ ጓዳ ገብተው የፍየል አይብና የተጠበሰ ለውዝ ይዘው ተመለሱ። «ይህንንስ ሙሴ ፈቅዷል?» አሉ። ፈቅዷል አልናቸው፤ ጥርግ አድርገን በላን።

«እንግዲህ ምን ልስጣችሁ?»

«አንድ ሙሉ እግር» አለ ባለቤቴ።

ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ለሰው ነው» ብዬ ቶሎ ጨመርኩ። «አዎ» አሉ ዓይናቸውን ጠቅሰው፤ «ሁሉም ለሰው ነው የሚለው።» ብናስረዳ ይብስብን ነበር፤ ከመሰላል ላይ ሆነው ሲመርጡልን ዝም ብለን ቆምን። አንዷን ሸተቱ፣ ተዉአት። ሌላዋን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አድርገው አወረዱልን፤ ከስምንት ኪሎ ትንሽ ታልፋለች።

ከቡቢዮን የገዛነው ባለ መስመር ጨርቅ ምንጣፍና ሻንጣችን የዕቃ መጫኛውን ስለሞሉት እግሩን በከረጢት ጠቅልለን ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። ገና የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንዳለፍን ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ተንከባለለ። መኪናውም ክብደቱን ተሳፋሪ አድርጎ ቆጥሮት ቀበቶ እሰሩ እያለ መጮኽ ጀመረ። ባለቤቴ ካፊያ ውስጥ መኪናውን ዳር ይዞ ቆመና ወርዶ ካሙን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ ቀበቶውን አሰረለት።